አራት ቀን የቀረው ሱባኤ

ልጄን አርሴማን ሆዷን ያመማት ሰኞ ዕለት ነው። ቢቸና ያየን ሐኪም ትርፍ አንጀት ነው አለ፤ በዚያው ዕለት ሞጣ ወስጄ በቀዶ ጥገና እንዳሳክማት ሪፈር ጻፈልኝ። እናቷ ለቀዶ ጥገና ገብታ በዚያው ስለቀረችብኝ ምላጭ ፈራሁ። ወረቀቱን አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ ከተትሁና ሰባት ቀን ጸበል ላስጠምቃት ተሳልሁ። የዚያኑ ቀን ጀመርን።

ረቡዕ ጠዋት ሕመሙ ድንገት ተዋት። ውኃ ስጠኝ ብላ ፈገግ አለች። ተንበርክኬ እያለቀስሁ አመሰገንሁ።

ወዲያው ጎረቤቴ ሽታሁን መኪናውን ጸበሉ ደጅ አቁሞ ጡሩምባ ነፋ። ሰው ጭኖ ወደ ሞጣ መሄዱ ነው፤ ለእኛ የሚሆን ቦታ አለው። የንስሐ አባቴ አባ ገብረ ሕይወት ግንባሯን ዳሰሱና ትኩሳቱ እንዳልወረደ ነገሩኝ። ጸበሉም ሐኪሙም የአንድ ጌታ ናቸው፣ ይዘሃት ሂድ አሉኝ።

«አባ፣ አራት ቀን ብቻ ነው የቀረን። ስእለቴን ላፍርስ?»

«ስእለቱን በእኔ ላይ ጣለው። መኪናው ደጅ ነው፣ ልጄ።»

ድናለች አልኋቸው። ሽታሁን በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «እግዜር ራሱ ወርዶ ጡሩምባ እንዲነፋልህ ነው የምትጠብቀው?» አለኝ። እንዲሄድ በእጄ አመለከትሁት።

ዓርብ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ። አቅፌያት ወደ አስፋልቱ ሮጥሁ። በአካባቢው ተኩስ ተነሥቶ መንገዱ ተዘግቷል። ሲመሽም ሲነጋም ይከፈታል እያልሁ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሲከፈት ሽታሁን ጫነን፤ አባም አብረውን ተሳፈሩ።

ሞጣ ስንደርስ ሐኪሙ ሕመሙ መቼ እንደተዋት ጠየቀኝ። ረቡዕ ጠዋት አልሁት። ትርፍ አንጀቷ የፈነዳው ያን ጊዜ መሆኑን፣ ሕመሙም የተዋት ለዚያ እንደሆነ ቀስ ብሎ ነገረኝ። እኔ ተንበርክኬ የነበርሁበት ሰዓት ነው።

እሑድ ንጋት ላይ አረፈች። ሱባኤው በዚያው ቀን ሞላ።

ስንመለስ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። አባን ለምን እንዳላስገደዱኝ ጠየቅኋቸው።

«ጊዜ እንደሌላት አይቼ ነበር» አሉ። «ድምፄን ግን ዝቅ አድርጌ ተናገርሁ። ከአንተ ጋር እጠየቅበታለሁ።»

ደብረ ወርቅን ስናልፍ ሽታሁን እንዳትነቀነቅ ብሎ መኪናውን አዘገመ።

«ፍጠን» አልሁት። ረቡዕ ያላልሁትን ቃል ደግሜ «ፍጠን» አልሁት።

በመስተዋቱ አየኝ። ፈጠነልኝ።