ልጅ የለኝም ያለች ዕለት

ረሒማ ለንደን ውስጥ ኤድመንተን ካለው መጋዘን ሣጥን ስታሽግ ውላ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ቶተንሃም ወዳለው የሕግ ምክር ቢሮ ሮጠች። ካርቱም ያለችው የአሥራ አራት ዓመት ልጇ ሳፋ ቪዛ ተከልክላለች።

ደብዳቤውን ያነበበችላት ሱመያ ናት፤ እዚሁ ለንደን ተወልዳ ሕግ የተማረች ወጣት።

«አንቲ ረሒማ፣ ሁለት ሪዝን ሰጥተዋል። አንደኛው፣ ሳፋ ያለችው ከእንግሊዝ ውጭ ስለሆነ መንግሥት የልጆችን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታው እሷን አይመለከትም ይላሉ።»

«የሚወስኑባት እነሱ አይደሉም እንዴ? ድንበሩ ምን አግብቶት?»

«ልክ ነዎት፣ በሱ አፒል እናደርጋለን። ሁለተኛው ግን...» ሱመያ ቀና ብላ አየቻት። «በፈረንጆቹ 2006፣ ጥገኝነት ሲጠይቁ በተደረገልዎት ኢንተርቪው ላይ ልጅ አለዎት ወይ ሲሉዎት፣ የለኝም ብለዋል።»

እውነትም ብላለች። ሳፋን ጡት ባስጣለች ማግስት ልጅ ላልወለደችው ታላቅ እህቷ ለዘይነባ ሰጥታታለች። በነሱ ቤት የሰጡትን ልጅ መልሶ «የኔ» ማለት የእህትን አንጀት መቁረጥ ነው፤ ነውርም ነው። ስለዚህ በማያውቃት ሹም ፊት እንኳ የእህቷን ክብር ጠበቀች። እንዲህ ያለው ጨዋነት ደግሞ ለቅጽ አይገባውም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ዘይነባ ሞታ ልጅቱ በጎረቤት እጅ ስትቀር፣ ያ ቃል መንገድ ዘግቶ ጠበቃት። ረሒማ ምላሷን ረገመች።

እናትነቷን ያረጋገጠው የደም ምርመራ፣ ቀጠሮው፣ ክርክሩ ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። በመጨረሻ ዳኛው ፈረዱላት፦ ውሳኔው የሚሰጠው እዚህ እስከሆነ ድረስ፣ ልጅቱ ድንበር ማዶ መሆኗ ብቻ መንግሥትን ከኃላፊነት አያድነውም።

ረሒማ እልልታዋን አቀለጠችው። ወዲያው ካርቱም ደወለች።

«ሳፋዬ፣ ተፈረደልን! ትመጫለሽ!»

የክልከላው ደብዳቤ የተጻፈው በአመልካቿ፣ በሳፋ ስም ነበር። አንዱ ቅጂ ለራሷ ለልጅቱ እንደሚደርሳት ረሒማ አንድም ቀን አላሰበችም።

«እመጣለሁ አክስቴ፤ ሌላ መሄጃ የለኝም» አለች ሳፋ። «ደብዳቤውን ጎረቤታችን አንብበውልኛል። ልጅ የለኝም ብለሻል።»

«ስለ ዘይነባ ብዬ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ! እሷ እንዳይከፋት...»

«እናቴን ቢጠይቋት፣ አለኝ ትል ነበር።»