የመሳቢያው ጣሪያ

ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲሸት ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ከበሮውን ነው። ከበሮው ግን ምን በወጣው፤ በየእጥበቱ አብሮ ይታጠባል። የሚሸተው ከላይ ጥግ ላይ ያለው የሳሙና መሳቢያ ነው። ዱቄቱ እዚያ ይጋገራል፣ ማለስለሻው እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል፣ ሙቀትና እርጥበት አይለየውም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ይሻግታል። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ማሽን ስፈታ ኖሬያለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቆመውም ደደብ ሆኜ አይደለም። አባታችን ሲሞት ከሁለት ልጆች አንዱ ሥራ መግባት ነበረበት፣ ታላቅየው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ታናሼ ቀጠለ። ቀጥሎ ቀጥሎ ኢንጂነር ሆነ።

እዚህ ላይ ሰው "ታዲያ ደስ አይልህም?" ይለኛል። ደስ ይለኛል እንጂ። የተመረቀ ዕለት በተነሳነው ፎቶ ላይ ዳር ነው የቆምኩት፣ ግማሽ ትከሻዬ ተቆርጦ ቀርቷል። እሱም ደስ ይለኛል።

ወንድሜ የሚሠራው ማሽኖቹን በሚያመርተው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ባለፈው ዓመት ራሱን በራሱ የሚያጸዳ የሳሙና መሳቢያ እንዲነድፍ ታዘዘ። ሰባት ወር ፈጀበት። ውሃ እንዳይቋጥር ወለሉን አዘንብሎ ሠራው። ዱቄት ጥግ ይወዳልና ጥጎቹን ሁሉ ክብ አደረጋቸው። በግራና በቀኝ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አስገባ፤ እጥበቱ ሲያልቅ ለአርባ ሰከንድ ያህል ሙቅ ውሃ ይረጫሉ፣ የተረፈውን ደግሞ ሌላ ቱቦ መጥጦ ያወጣዋል። ንድፉን እናታችን ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ውሸት አልናገርም። ነገር ግን ቱቦዎቹ የሚረጩት ወደ ታችና ወደ ጎን ብቻ ነው። ወደ ላይ የሚረጭ አንድም ቀዳዳ የለም።

መሳቢያው የሚገባበት ሳጥን ደግሞ ጣሪያ አለው። ማሽኑ ውሃውን ሳሙናው ላይ የሚያዘንበው ከዚያ ጣሪያ ነው። መሳቢያውን ስቦ ያወጣ ሰው የሚያየው መሳቢያውን ነው። ጣሪያውን ለማየት ተንበርክኮ አንገትን መጠምዘዝ ወይም ጣት ሰዶ መዳበስ ያስፈልጋል። ሻጋታው ሥር የሚሰደው እዚያ ነው። መሳቢያውን እንደ መስተዋት ብታጥበው ጣሪያው ከላይ ሆኖ ያንጠባጥብበታል።

"እንዴት አየኸው ጋሼ?" አለኝ። ሰው በሌለበት ጋሼ ይለኛል።

"ያምራል" አልኩት።

ሌላ ነገር አልተናገርኩም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው አይደለሁም። ሱቄ ከፋብሪካው በር አሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ሲነድፍ አንድ ቀን ብቅ ብሎ "አንተ በቀን አራት መሳቢያ ትፈታለህ፣ ምን ምን ታያለህ?" አላለኝም። አልቆ፣ በቀለም ተሥሎ፣ ተፈርሞበት ሲያበቃ ነው ያሳየኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።

እናታችን የምትኖረው ብቻዋን ነው። ለዓመታት ልብሷን ስታጥብ የኖረችው እኔ ከሦስት የተጣሉ ማሽኖች አንድ አድርጌ በገጠምኩላት ማሽን ነው። ቆዳዋ ስስ ነው፤ ልብሷ ትንሽ ሻጋታ ከነካው ክንዷ ይቆጣል። ስለዚህ በወር አንድ ቅዳሜ የጥርስ ብሩሽና ኮምጣጤ ይዤ እየሄድኩ መሳቢያዋን አጸዳላት ነበር። እኔና እሷ ያን ያህል ወሬ የለንም። እኔ እፍቃለሁ፣ እሷ ከኋላዬ ቆማ ስለ ወንድሜ ታወራልኛለች። እንዲህ ሆኖ ቅዳሜው ያልቃል።

ፋብሪካው አንድ ሕግ አለው። አዲስ ነገር ሲሠራ ተራ ሰው ቤት ውስጥ አሥር ሳምንት ይሞከራል፤ በእነዚያ አሥር ሳምንታት ውስጥ ሳሙና ከመጨመር በቀር ማንም እጁን አያስገባበትም። ወንድሜ የእናታችንን ቤት መረጠ። አዲሱን ማሽን ከነመሳቢያው አምጥቶ ተከለው። የኔውን ወደ ጓሮ አወጡት፣ ሳፋ ተደረደረበት። እናታችን በዚያው ቀን ደወለችልኝና፣ "ከእንግዲህ አትልፋ ልጄ፣ ወንድምህ ገላገለህ" አለችኝ።

እንዲህ ብትልም በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ሄድኩ። እሷ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። መሳቢያውን ሳብኩት፤ ያብረቀርቃል። ጣቴን ወደ ጣሪያው ሰደድኩ፤ ያሟልጫል። ገና አልጠቆረም እንጂ ጀምሮታል። በመስኮት ስመለከት እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ታካለች። ከዚያ በኋላ ብዙ አላሰብኩም። ኮምጣጤ ነከር ባደረግኩት ጨርቅ ጣሪያውን ወለወልኩና መሳቢያውን መለስኩ። አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ደገምኩት፣ በዘጠነኛውም ሠለስኩት። ለወንድሜ ብዬ አልነበረም። ሕጉንም ብሰማው እንደ ፋብሪካ ወግ እንጂ እኔን ይመለከተኛል ብዬ አልቆጠርኩትም፤ የእናቴን ማሽን ማጽዳት የማን ፈቃድ ይጠይቃል?

የገባኝ በዘጠነኛው ሳምንት ማብቂያ ነው። ወንድሜ እናታችን ቤት መጥቶ ሪፖርቱን አነበበልን። ሽታ የለም፣ ሻጋታ የለም፣ የተጠቃሚዋ ቆዳ ደህና ነው። አሥሩ ሳምንት በሚሞላበት ማክሰኞ ኃላፊው የሆነችው ሴትዮ ራሷ መጥታ ታያለች፤ ካየች ትፈርማለች፤ ከፈረመች መሳቢያው በሺህ ይመረታል፣ እሱም የክፍሉ መሪ ይሆናል። እናታችን ሁለት እጇን አጨብጭባ ግንባሩን ሳመችው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ስሰማ ነው ሪፖርቱ ላይ ያለው ንጽሕና የማን እጅ እንደሆነ የታየኝ።

ሳምንቱን ሙሉ አወጣሁ አወረድኩ። ዝም ብል፣ በእኔ ጀርባ ላይ ሲወጣ ይህ ሁለተኛው ነው። እኔ የማልደርስባቸው ቤቶች ውስጥ ጣሪያው መጥቆሩ አይቀርም፤ ያኔ ሰዉ ማሽኑን እየጎተተ ወደ ሱቄ ይመጣል፣ ለእኔ እንኳ ገበያ ነው። ብናገር ደግሞ ስሜ ምቀኛ ነው። ታናሹ ሊያልፍለት ሲል እግሩን ጠለፈው መባሌ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ስወጣ ራሱ የቱን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

ሴትዮዋ አጭር ናት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች። ወንድሜ እኔን ሲያስተዋውቃት "ቤተሰብ ነው" ብሎ አለፈ። እሷ ወሬ አላበዛችም። ተንበርክካ መሳቢያውን አወጣች፣ ባትሪ አብርታ ሳጥኑ ውስጥ አየች፣ እጇን ሰዳ ጣሪያውን ዳበሰች። ይህን ሳይ ከወንድሜ እንደምትሻል አወቅኩ። ጣሪያው ንጹህ ነው፤ ለምን አይሆንም። ተነሥታ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ዘረጋችና አሥሩን ሳምንት ማንም እንዳልነካው ጠየቀችው። ማንም አልነካውም፣ አለ። እስክሪብቶዋን ስትከፍት አፌ ቀደመኝ።

"ጣሪያውን ሳጸዳ የቆየሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "ሦስት ጊዜ።"

ወንድሜ ሳቀ። እንደሚቀልድ ሰው አድርጎ ሊያሳልፈኝ ፈልጎ ነበር፣ እሷ ግን አልሳቀችም። መቼ መቼ እንደሆነ፣ በምን እንዳጸዳሁ፣ ከማጽዳቴ በፊት መልኩ ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ማስረጃ አለህ ወይ አለችኝ። ምን ማስረጃ አለኝ? ማስረጃዬን በጨርቅ ጠርጌ ጥዬዋለሁ።

ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ዛሬን ጠብቀህ ነው?" አለኝ።

ሴትዮዋ ወደ እናታችን ዞረች። "እማማ፣ እርስዎ ያውቃሉ? ሲያጸዳ አይተውታል?"

እናታችን ፎጣ ታጥፍ ነበር። መጀመሪያ እሱን አየችው። ከዚያ እኔን፣ ረዘም አድርጋ። ፎጣውን አጥፋ ጨረሰችና ከሌሎቹ ላይ አኖረችው።

"እሱ ሲመጣ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚሄደው" አለች። "ማሽን ሲነካ አላየሁም።"

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ዥንጉርጉሮቹ ልጆቹ ይመስሉኝ ነበር።

ሴትዮዋ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን። ከዚያ እስክሪብቶዋን ከደነች። "ማን እውነት እንደተናገረ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ እኔ ግን አሥር ሳምንት ብጨምር አልጎዳም" አለች። በማግስቱ ሠራተኛ ላከች። መሳቢያው ሳሙና ለመጨመር የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲከፈት፣ ከዚያ አልፎ እንዳይወጣ በሽቦ ታስሮ የእርሳስ ማኅተም ተደረገበት።

ያን ማክሰኞ ስወጣ ወንድሜ በሩ ላይ ጠብቆኝ ነበር። ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ አልጮኸም።

"መጀመሪያውኑ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"አልጠየቅከኝማ።"

"የሚጠየቅ ነገር መኖሩን ሳላውቅ ምን ብዬ ልጠይቅህ?"

ለዚህ እስከ ዛሬ አስቤ አስቤ መልስ አላገኘሁለትም። ቂሙ ግን በመልስ ማጣት የሚወጣ ነገር አይደለም፣ እንዳለ አለ።

"እሷንም ዋሾ አደረግካት" አለኝ መኪናው ውስጥ ሲገባ።

"እኔ ነኝ ያደረግኳት?"

በሩን ዘግቶ ሄደ።

ማኅተሙ በተደረገ በስድስተኛው ሳምንት እናቴ ደወለች። ልብሷ ሸቷል፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ተቆጥቷል። ማኅተም አለበት፣ ምን ላድርግልሽ፣ አልኳት።

"ስታጸዳ አይህ ነበር" አለች። "ጓሮ ሆኜ በመስኮት ጀርባህ ይታየኛል።"

"ታዲያ እማዬ?"

"አንተ ትችለዋለህ ብዬ ነዋ። እሱ እንዲህ ያለውን አይችልም።"

ደብተሬን አስቀምጬ ሥራ እንድገባ የተነገረኝ ቀንም ያለችኝ ይህንኑ ነው፣ ቃል በቃል። እችላለሁ ብሎ ማን እንደነገራት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለማንኛውም የምትለብሰውን ለይታ በከረጢት አስቀመጠችልኝና ሱቅ ወስጄ አጠብኩላት። ለማሽኑ ፎጣና አንሶላ ቀረለት። ከረጢቱን ለመውሰድ ስሄድ በማሽኑ በኩል አላለፍኩም። ሻይም አልጠጣሁም።

አሥሩ ሳምንት ሲሞላ ማኅተሙ ተቆረጠ። እኔን የጠራኝ የለም፤ የሆነውን የሰማሁት ከእናቴ ነው። መሳቢያው እንደ መስተዋት ነበር አሉ። ሴትዮዋ ባትሪዋን ወደ ላይ ስታበራ ጣሪያው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፣ ከጥጉ ላይ አንድ ነገር ተንጠልጥሏል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሻጋታም እንደዚያው ነው። ሳትፈርም ሄደች። ሹመቱ ቀረ፣ ከሥራ ግን አልተባረረም፤ እንዲያስተካክል ሦስት ወር ተሰጠው። ትክክለኛው ማን እንደነበረ ግን ማንም አላነሳም። የማጸዳው ጣሪያ ቢጠፋ እናቴም ስለ ወንድሜ የምታወራው ቀነሰ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ከሰዓት ወንድሜ ሱቄ መጣ። ሁለት ደንበኞች ቀድመውት አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ የተቀደደ ቱቦ የያዘች የሆቴል ልብስ አጣቢ እና ፓምፕ በጋዜጣ የጠቀለሉ አንድ ሽማግሌ። ወንድሜ ቀጥታ ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል በአገጬ አግዳሚውን አሳየሁት። ቆም አለ። ከዚያ ሄዶ ተቀመጠ፣ የተጠቀለለውን ወረቀት በጉልበቶቹ መካከል አቆመው።

ሽማግሌው ዝም ብለው መቀመጥ አይወዱም። "የአንተስ ምኑ ነው የተበላሸው?" አሉት።

"መሳቢያው።"

"አይዞህ። ሰውየው እጁ መድኃኒት ነው። አመሉ ነው እንጂ።"

"አውቃለሁ" አለ ወንድሜ።

የልብስ አጣቢዋን ቱቦ ቆርጬ በሌላ ቀየርኩላት። የሽማግሌውን ፓምፕ ፈታሁት፤ ውስጡ የልጅ ካልሲ ተሰንቅሮ ነበር፣ አውጥቼ ሰጠኋቸው፣ የማን እንደሆነ እያሰቡ ወጡ። አልቸኮልኩም። ሌላ ጊዜም ቢሆን አልቸኩልም። አንዲት ሴት ደግሞ ማሞቂያ ሽቦ ይዛ ገብታ ከወንድሜ አጠገብ ተቀመጠች። ተራው ሲደርስ ተነሣና ባንኮኒው ፊት ቆመ።

"ምን ሆነ?" አልኩት፣ ማንንም እንደምጠይቀው።

ወረቀቱን ዘረጋው። አዲስ ንድፍ ነው። ወደ ላይ የሚረጩ ሁለት ቀዳዳዎች ጨምሯል፣ ሁለቱንም ወደ ጣሪያው መሐል አነጣጥሯቸዋል። መሐሉ ላይ በእርሳስ ተጽፎ የተሰረዘ ነገር አለ።

"ሻጋታው የት ጋ ነው የሚጀምረው?" አለኝ።

እጄን በጨርቅ ጠረግሁ። ጣት በጣት ጠረግሁ። ከዚያ እርሳሱን ከእጁ ወስጄ ምልክት አደረግሁበት።

"ከኋላ፣ በቀኝ ጥግ። ውሃው ከቫልቩ ሲገባ መጀመሪያ የሚመታው እዚያ ነው፣ መጨረሻ የሚደርቀውም እዚያው ነው። መሐሉን ተወው፣ መሐሉ ራሱን ችሎ ይደርቃል።"

እርሳሱን መልሶ ተቀብሎኝ ጻፈው። ሲጽፍ እጁ እንደ አባታችን ወደ ግራ ያዘነብላል።

"ሌላስ?" አለ።

ሌላም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነበር። "ለዛሬ ይበቃል፣ ነገ ና" አልኩትና ማሞቂያ ሽቦ የያዘችውን ሴት ጠራኋት።