የዶሮዎቹ ቁም ሳጥን

ልብስ ሰፊዋን ግራ ያጋባት የዶሮ ቤቱ ማማር ነበር። ከራሷ መኝታ ቤት ይልቅ ያምራል፤ ዶሮዎቹ ግን «ዓይንህ ላፈር» ብለውታል። ሲመሽ እየተሯሯጠች እየያዘች ታስገባቸዋለች፤ ጠዋት በሩን ስትከፍትላቸው ዓይናቸው ተጣብቆ እያስነጠሱ ይወጣሉ። ገና ከአሁኑ ሁለቱ ሞተውባታል።

ቤቱን የሠራው ታላቅ ወንድሟ ነው። ዕድሜ ልኩን ቁም ሳጥን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ባለፈው ክረምት ሕመም ጥሎት ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን ሥራውን ዘግቶ እሷ ጋ ገባ። ከዚያ በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እጁን ኪሱ ውስጥ ይደብቃል። ዶሮዎቹን የገዛች ቀን ግን ማንም ሳይለምነው ተነሣ። ከዕቃ መጫኛ ሳጥን የተነቀለ ጣውላና አንድ የተጣለ በር ሰብስቦ፣ ቀስ እያለ፣ አንዱን ጣውላ ከሌላው እያጋጠመ ሠራው። ሲጨርስ በሩን ዘጋ፣ ከፈተ፣ ደግሞ ዘጋ። ለደንበኞቹ ሁሉ ይላት የነበረችውን አባባል ደገማት፤ «የእኔ በር ነፋስ አያሳልፍም።» እሷም በደስታ አለቀሰች።

ስለዚህ ዶሮዎቹ ማስነጠስ ሲጀምሩ ጥፋቱን ከወለሉ ፈለገች። ከእንጨት ቤት በነፃ ያመጣችውን ሰጋቱራ «አቧራው ይሆናል» ብላ ጠርጋ ጣለችና ጭድ አነጠፈች። ጭዱም ባንድ ሌሊት ረጠበ። ልብስ ሰፊ አይደለች፣ ቀጥሎ የጨርቅ ቁርጥራጯን አምጥታ ጎዘጎዘችላቸው። በነጋታው አንዷ ዶሮ እግሯ በክር ተተብትቦ እየተንገዳገደች ወጣች፤ ልብስ ሰፊዋም መቀስ ይዛ ስታሯሩጣት አረፈደች። ጨርቁን አንሥታ ወደ ጭዱ ተመለሰች።

ይበልጥ ግራ ያጋባት ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የእሱ ዶሮዎች የሚያድሩት የተበሳሳ ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ ግን ጩኸታቸው ሰፈር ይቀሰቅሳል። ቢቸግራት ጠራችው። ሹፌሩ አንገቱን ወደ ቤቱ አስገብቶ ወዲያው አወጣና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«እህቴ፣ ይሄ ቤት መተንፈሻ የለውም» አላት። «ኩሱም ትንፋሻቸውም ጭዱን ያረጥበዋል፤ እርጥቡ መውጫ የለው፣ ሽታው መውጫ የለው። ከላይ ከጣሪያው ሥር ቀዳዳ አውጪለት፤ ያኔ ሰጋቱራውም ጭዱም ደርቆ ይቆይልሻል።»

ነገሩ ተገለጠላት፤ ግን የባሰ ጨነቃት። ለወንድሟ ምን ትበለው? የሠራኸው ቤት ገዳይ ነው ልትለው ነው? ሰውየው እኮ ከዚያ ቤት ሌላ የሚኮራበት ነገር አልቀረለትም። ሦስተኛዋ ዶሮ ስትሞት እሱው ራሱ ምክንያቱን ጠየቃት። እሷም ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ ብርድ መቷት ይሆናል አለችው።

ውሸቷ ጦስ ሆነባት። ወንድሟ ሲያስብ ውሎ፣ እጄ ተንቀጥቅጦ የሆነ ቦታ ክፍተት ትቻለሁ ብሎ ደመደመ። ኮላና ሰጋቱራ ለውሶ ቤቱን በዳሰሳ እየፈተሸ፣ የፀጉር ታህል ስንጥቅ ሳትቀር ደፈናት። እሷ ስፌቷ ላይ አቀርቅራ በመስኮት ታየዋለች። ተነሥታ ልታስቆመው ፈለገች፤ ምን ብላ እንደምትጀምር ግን ጠፋት።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ስትከፍት የቀሩት ዶሮዎች መቆም አቅቷቸው ተደራርበው ተኝተዋል። አንድ በአንድ ተሸክማ ወደ ውጭ አወጣቻቸው። ከዚያ የወንድሟን መጋዝ አነሣችና ከጣሪያው ሥር መገዝገዝ ጀመረች። ወንድሟ ድምፁን ሰምቶ ሲወጣ ቀዳዳውን ጨርሳለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ሁሉንም ነገረችው። ሹፌሩ ያለውን፣ እሷም የዋሸችውን። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ራሱን ወደ ውስጥ አስገባ፤ ብዙ ቆየ። ሲወጣ እያሳለ ነው፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

«እና ስደፍነው ቁጭ ብለሽ ታዪኝ ነበር» አለ። «እኔ እኮ እጄ ነው ብዬ ነበር።»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

መጋዙን ከእጇ ወሰደ። በሌላኛው ግድግዳ ላይ፣ የሚንቀጠቀጠውን እጁን ሳይደብቅ፣ እሱም አንድ ቀዳዳ አወጣ። መስመሩ ወዲያ ወዲህ እያለ ወጣ። ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ የጭዱ ጫፍ ተነቃነቀ። ወንድሟ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ሁለቱን ቀዳዳዎች ተራ በተራ አያቸው።

«የቱ ነው ይበልጥ የተጣመመው?» አላት።

መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ እንደ ልማዷ «የእኔ» ልትለው። ቀና ብላ ዓይኑን አየችው።

«ያንተ ይብሳል፣ ጋሼ።»

ከታመመ ወዲህ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም ነበር።