ከኋላ የሚመጣ መብራት

ኢሳቅ አዳንን «የሚስቱ ተሳፋሪ» ብሎ የሰደበው ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ማክሰኞ ቀን፣ ሞያሌ ከብት ገበያ በር ላይ ነው። ደላሎቹ ሁሉ ሳቁ። አንዱማ ከሳቁ ብዛት ሻዩን ደፋ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያው ኢሳቅ ነው ዛሬ ከለቅሶው ሸራ ሥር፣ ምንጣፉ ላይ ከአዳን ጎን ተቀምጦ፣ «አይዞህ ሸሜጂ፣ አላህ መኖሪያዋን ጀነት ያድርግላት» የሚለው። አማቹን ሁልጊዜም በስዋሂሊ ነው የሚጠራው። የሞተችው የእሱ እህት ናት፤ የአዳን ሚስት፣ ናኢማ።

ስድቡ የመጣው በፒኪፒኪው፣ በሞተር ብስክሌቱ፣ ሰበብ ነው። ናኢማ ሞተር መንዳት የተማረችው ለልጃቸው ለካልቶማ ብላ ነበር፤ አዳንንም ከኋላዋ አፈናጣ ገበያ ታደርሰው ነበር። ካልቶማ ሯጭ ናት። ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከሰፈራቸው ከቡቲዬ ተነስታ በአስፋልቱ ትሮጣለች፤ እናቷ በሞተር ከኋላ እየተከተለች መንገዱን ታበራላታለች። ቤቱ ሁሉ ለዚች ልጅ እግር አደረ። ወተቱ ለእሷ፣ ሥጋው ለእሷ። የዘመድ ሠርግ እንኳ የቀረው «ነገ ልምምድ አላት» እየተባለ ነው። አዳን ራሱ በልጅነቱ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ሲያቆም ግን «ለምን ቀረህ?» ያለው ሰው አልነበረም።

ከሴቶቹ በኩል ሹክሹክታው በመጋረጃው ያልፋል።

«ብርድ ነው የገደላት። በየንጋቱ ደረቷን ለነፋስ ሰጥታ!»

«ልጅቷስ ምን አመጣች?»

«ናይሮቢ ሄዳ አራተኛ ወጣች አሉ።»

«አራተኛ! አራተኛ ይበላል?»

አዳን ሰማ። ቀደም ሲል ቢሆን ኖሮ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ዛሬ ንጋት ግን ከቤት ሲወጣ ካልቶማ ደጃፉ ላይ ጫማዋን ስታስር አገኛት።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«እማ ሆስፒታል እያለች "አንድ ቀን እንዳትቀሪ" ብላኛለች፣ አባ።»

«በምን መብራት?»

«በጨለማ እሮጣለሁ።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተና የሞተሩን ቁልፍ አነሳ።

ሞተሩን በእሷ ልክ መያዝ ከባድ ነው። ጋዝ ከሰጡት ይቀድማታል፣ ከቀነሱት ይጠፋል። ናኢማ ይህን እንዴት ችላው ኖራለች? መብራቱ ከጀርባዋ ሲያርፍ የካልቶማ ጥላ ከፊቷ ረዘመ፤ አስፋልቱን ይዞ እስከ ቁጥቋጦው ደረሰ። ልጅቱ ያንን ጥላ ታሳድዳለች። እግሯ መሬት ሲነካ አይሰማም። ይህች ልጅ ከአብራኬ ወጣች ብሎ ማመን አቃተው። እየነዳ «ያ አላህ» ይላል፤ ሌላ ቃል አልመጣለትም።

ከማርሳቢት በኩል የመጣ የጭነት መኪና ገና ከሩቅ መብራቱን ዝቅ አደረገላቸው። ሾፌሩ ሲያልፋቸው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ሰላምታው ለማን እንደሆነ ሳያይ፣ በአማርኛ ጮኸ፦

«እንደምን አደርሽ፣ የሯጯ እናት!»

መንገዱ ሁሉ ናኢማን ያውቃት ነበር ለካ። አዳን በእሷ ፈንታ ክላክሱን ነፋለት።

«ሸሜጂ!» አሁን ከሸራው ሥር ኢሳቅ ድምፁን ከፍ አደረገ። ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ዛሬ ንጋት ያዩህ ሰዎች ነገሩኝ። የእህቴ አፈር ሳይደርቅ! በል እዚሁ ሽማግሌ ፊት ተናገር፤ ልጅቱ ከዛሬ ጀምሮ ሩጫ ትታለች በል። እህቴን በልቶ ያልጠገበ ሩጫ ነው! ወይስ ዛሬም ተሳፋሪ ነህ?»

ማንም አልሳቀም። በመጋረጃው ጠርዝ የካልቶማ እግሮች ይታያሉ፤ ቆመው ይጠብቃሉ።

አዳን ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ ሲያሰላስለው የከረመ መልስ ነበረው፤ አጥንት የሚሰብር መልስ። ምላሱ ጫፍ ላይ መጣለት። ከዚያ ኢሳቅን አየው፤ የናኢማ ዓይኖች ናቸው ያሉት።

ሻዩን መሬት አኖረ። ተነሳ። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ባል ምንጣፉን ትቶ አይሄድም፤ እሱ ግን በሰዎቹ መሀል አልፎ ግድግዳው ጋ ወደቆመው ሞተር ሄደ። ጎንበስ ብሎ በሽርጡ ጫፍ የመብራቱን መስታወት ከአቧራው ጠረገ፤ እስኪያበራ ድረስ ጠረገ። ከዚያ ሞተሩን እየገፋ፣ ዞር ሳይል፣ ካልቶማ ወደምትሮጥበት አስፋልት ወጣ።