እንቅልፍ ሲወስድ

የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል። አንድ ቃል ከአፏ ከመውጣቱ በፊት እንደ ወርቅ ትመዝነዋለችና። ቃል በቃል መተርጎም አትወድም። «‹ሆዴን ባር ባር አለኝ› ያለን ሰው እንዳለ ብትተረጉሙት፣ ቀዶ ጥገና ክፍል ያስገቡታል» እያለች አዲስ ተቀጣሪዎችን ታስቃለች።

አንድ የእንቅልፍ ሐኪም ከውጭ አገር ሲመጣ ከእሷ ጋር መደቡት። ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚሞላ አንድ ቅጽ ነበረው፤ መቼ ይተኛሉ፣ እንቅልፍ እስኪመጣ ስንት ይቆያሉ፣ መቼ ይነቃሉ፣ መቼ ይነሳሉ የሚል። ለሚዛን ይህ ውኃ መጠጣት ነበር። «አይ ስሊፕ» ማለት የተማሪ ወግ ነው፤ አልጋ ውስጥ መግባት «ጎ ቱ ቤድ» ሲባል ነው የሚያምረው። ዓይን መግለጥ «ዌክ አፕ»፣ ከአልጋ መውረድ «ጌት አፕ»፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ያናድዳታል።

አንድ ቀን አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ከታናሽ እህቷ ጋር መጣች። አምሳ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም፤ ቅንድቧ ላይ ዱቄት ቀርቷል። ሌሊቱን በዳቦ ቤት ስታቦካ አድራ ቀን ነው የምትተኛው።

«ቤት ሲገቡ ወዲያው ይተኛሉ፣ እትዬ?» አለቻት ሚዛን።

«ጋደም እላለሁ። ጋደም እንዳልኩ ይወስደኛል።»

ሚዛን ወደ ሐኪሙ ዞራ፣ «አይ ፎል አስሊፕ ራይት አዌይ» አለች።

«እስከ ስንት ሰዓት?» አለቻት ወደ ጋጋሪዋ ተመልሳ።

«እስኪመልሰኝ ነዋ።»

ሚዛን ፈገግ አለች። የሴትዮዋ አነጋገር ደስ ብሏት «አንቲል አይ ዌክ አፕ» ብላ አለፈችው።

ጋጋሪዋ ግን በወጣትነቷ ሆቴል ወጥ ቤት ስትሠራ የለቃቀመቻት እንግሊዝኛ ነበረቻት። «የኔ ልጅ፣ ፎል መውደቅ አይደለም እንዴ? እኔ ወደቅሁ አላልኩም።»

«የእነሱ አነጋገር ነው፣ እትዬ። እነሱ ይወድቃሉ፣ እኛን ይወስደናል፤ እንቅልፉ ያው አንድ ነው።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። እህቷም አቀርቅራ የቦርሳዋን ማንገቻ ታፍተለትል ነበር። ጋጋሪዋ ከእንቅልፍ ስትነሳ ጉልበቷ እንደሚዝልና መንገድ ስትሄድ እንደዋለች ያህል እንደሚደክማት ተናገረች። ሐኪሙም እንቅልፏ ስላልጠለቀ ነው ብሎ የሚያጠልቅ ኪኒን አዘዘላት።

በሳምንቱ እህቲቱ ብቻዋን መጣች። ኮሪደሩ ላይ ሚዛንን ክንዷን ያዘቻት።

«ኪኒኑ አባሰባት። ድሮ በራሷ ትመለስ ነበር፤ አሁን እኔ ነኝ ፈልጌ የማመጣት።»

«ከየት?»

«ከቤታችን ጀርባ ካለው ያላለቀ ፎቅ። በመጀመሪያ ደረጃው ሥር ነበረች። ከዚያ አንደኛ ፎቅ። ትናንት ሦስተኛው ላይ አገኘኋት።» የያዘችውን ክንድ አልለቀቀችም። «ይወስደኛል ብላ ነግራችሁ የለ?»

ሚዛን ሐኪሙን ፈልጋ የሆነውን ነገረችው። ሐኪሙ በእንቅልፍ ልብ የሚሄድ ሰው ብርቅ አይደለም ብሎ አረጋጋት፤ ኪኒኑን ግን ዛሬውኑ ማስቆም አለብን አለ። ሦስቱም ተያይዘው ሄዱ።

ቤቱ ሲደርሱ ቀትር ነበር። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፤ ፀሐይ መስኮቱን ሞልታዋለች። ጋጋሪዋ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። የዕለቱን ኪኒን አስቀድማ ውጣለች። ሐኪሙ ትንፋሿን ሊቆጥር ሰዓቱን አየት ሲያደርግ ቀኝ እጇ ብቻዋን ተነሳች። ከዚያ ሰውነቷ ተከተላት።

«ነቃች?» አለ ሐኪሙ በሹክሹክታ።

«አልነቃችም» አለች ሚዛን። «ተነሳች እንጂ።»

ጋጋሪዋ በሩን ከፍታ ወጣች። ሐኪሙ በድንገት እንዳይቀሰቅሷት በምልክት አስጠነቀቀ፤ ሦስቱም ከኋላዋ ተከተሏት። አረማመዷ የሚደናበር ሰው አረማመድ አልነበረም። ቀኝ እጇን ከትከሻዋ ከፍ አድርጋ፣ ትልቅ ሰው እንደያዘው ሕፃን፣ በትናንሽ ፈጣን እርምጃ ትሄዳለች። ድንጋይና ጉድጓድ ስታገኝ ዞር ትላለች። መንገድ ዳር የተኛ ውሻ ብድግ ብሎ መንገዱን ለቀቀ፤ የለቀቀው ግን ለእሷ ብቻ አልነበረም፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር።

ያላለቀው ፎቅ ደረጃ ላይ ስትደርስ ተናገረች። «መጣሁ፤ አትጎትተኝ።»

«ምን አለች?» አለ ሐኪሙ።

ሚዛን ቃል አልመረጠችም። «አይ አም ካሚንግ። ዶንት ፑል ሚ።»

ሐኪሙ ፊቱ ተለወጠ። ደረጃውን ሲወጡ ግን እስትንፋስ አጥሮት ወደ ኋላ ቀረ፤ እህቲቱም ሦስተኛው ላይ ፈርታ ቆመች። አራተኛው ፎቅ ላይ ሚዛን ብቻዋን ነበረች። ወለሉ መከታ የለውም፤ ከጫፉ ወዲያ አየር ነው። ጋጋሪዋ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ሚዛን ሮጣ ግራ እጇን በሁለት እጇ ጨመደደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለሐኪሙ በየትኛውም ቋንቋ ማስረዳት አልቻለችም። ሴትዮዋ ቆማለች፤ አትራመድም። ሆኖም የሚስብ ነገር ነበር። የሚዛን ጫማ ሲሚንቶው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ጫፉ ቀረበ። ጥርሷን ነክሳ ወደ ኋላ ተንጋለለች። ድንገት ለቀቀ፤ ሁለቱም ወለሉ ላይ ዘጭ አሉ።

ጋጋሪዋ ዓይኗን ገለጠች። «ማነው እጄን የያዘኝ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይዤዎታለሁ፤ አይዞዎት።»

«አንቺማ ግራዬን ነው የያዝሽው» አለች ጋጋሪዋ ቀኝ እጇን እያሻሸች።

ኪኒኑ ቆመ። ሐኪሙ ዳቦ ቤቱ ወደ ቀን ሥራ እንዲያዛውራት ደብዳቤ ጻፈ፤ እህትማማቾቹም ከዚያ ፎቅ ርቀው ምድር ቤት ተከራዩ። ሚዛን የመጀመሪያውን ቅጽ አስወጥታ፣ «ፎል አስሊፕ» የሚለውን ሰርዛ ሴትዮዋ ያለችውን «ይወስደኛል» ቃል በቃል በእንግሊዝኛ ጻፈችበት። ሐኪሙ አንብቦ፣ «ይህ እንግሊዝኛ አይደለም» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። «ግን ያለችው እሱን ነው።»

አልተከራከራትም፤ አልደለዘውምም።

ከሁለት ወር በኋላ ጋጋሪዋ ለምርመራ ተመለሰች። ፊቷ ሞልቷል፤ ጉልበቷም አይዝልም። ሐኪሙ እጁን ሊታጠብ ወጣ ሲል ሚዛን ወንበሯን አስጠጋች።

«አሁን በደንብ ይተኛሉ፣ እትዬ?»

«ተመስገን፣ እተኛለሁ። እህቴ በሩን ትቆልፍና አጠገቤ ትተኛለች።» ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። «ይመጣል እኮ። መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ፍራሹ ዝቅ ሲል ይሰማኛል። ግን አይነካኝም።»

«እህትዎስ? ይሰማታል?»

«እሷማ ምን ተሰምቷት! እንቅልፍ ሲጥላት ድንጋይ ናት» አለች ጋጋሪዋ፤ ሳቀችም። ከዚያ ሐኪሙ ገባና ቅጹን ዘረጋ።