ሦስት ማለዳ የቀረ ሰው

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ነድቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቁጭ ብዬ ሌላውን ሰው ሁሉ የፈለገበት አድርሻለሁ። ጡረታ ወጥቼ ቀራንዮ ቤቴ ስገባ ግን ከሶፋው እስከ ባኞ ቤት ለመሄድ መሀል ላይ የማርፍ ሰው ሆኜ ነበር። ሆዴ በመሪው ልክ ተሠርቶ ነበር፤ መሪው ሲቀር እሱ አልቀረም።

ጤና ጣቢያ ደም ግፊቴን የለካችው ነርስ ቁጥሩን አየችና መሣሪያው ተበላሽቷል ብላ ሌላ አመጣች። በሌላውም ያው ሆነ።

«አባቴ፣ ስፖርት ይሠራሉ?» አለችኝ።

«ሹፌር ነኝ» አልኳት። በቂ መልስ መስሎኝ ነበር።

ወደ ጤና ቡድን የጎተተኝ ጎረቤቴ ደግፌ ነው። ደግፌ ቆርቆሮና ሚስማር ይነግዳል። ቤተሰቡ ከጋሞ መጥቶ እዚህ ሰፈር ከከተመ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ሰፈሩን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል፣ ይህንንም በየቀኑ ይነግረኛል። የቡድኑ አምበልም አሠልጣኝም ፊሽካ ነፊም እሱ ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከመድኃኔዓለም በታች ባለው አቧራማ ሜዳ አባላቱ ተሰብስበው ይሮጣሉ፣ ኳስም ይጫወታሉ። አብዛኞቹ የልጆቻቸውን አሮጌ ቱታ የወረሱ፣ ሆዳቸው ከእግራቸው ቀድሞ ኳሷ ጋ የሚደርስ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ዙር ሮጬ መሬት ላይ ተዘረርኩ። ሽኩር የሚባለው ልብስ ሰፊ አጠገቤ ቆሞ «ጋሽ ሰብስቤ፣ ፌርማታው ገና ነው» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሲሳቅብኝ አልወድም። ተናድጄ ተነሣሁና የቀረውን ግማሽ ዙር ጨረስኩ። እውነቱን ለመናገር ስድስት ወር ሙሉ ያመላለሰኝ ጤንነት አይደለም፤ ሽኩርን እቀድመዋለሁ የሚል እልህ ነው። አሁን እቀድመዋለሁ።

በእልህ የተጀመረው ነገር ግን ሳላስበው ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ነርሷም መሣሪያ መቀየር ተወች። ከሁሉ የገረመኝ የሰው ነገር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውን ያየሁት በመስታወት ነው፤ ከኋላዬ ሆኖ፣ መውረጃውን ሲጠብቅ። ሜዳው ላይ ግን ሰው ፊት ለፊቴ ይቆምና «ዛሬ ፊትህ ልክ አይደለም፣ ምን ሆነሃል?» ይለኛል። መጀመሪያ ላይ «አንተ ምን አገባህ» እል ነበር። በኋላ መመለስ ለመድኩ። ቁጣዬንም እዚያው ሜዳ ላይ አራግፌው ስለምመጣ ባለቤቴ አልማዜ የሚደርሳት ድርሻ ቀነሰላት።

አንድ ነገር ብቻ ለማንም አልተነፈስኩም፤ የልጄን የውዳሴን ነገር።

ውዳሴ አንድ ልጄ ናት። ዛሬ ዓመት ገደማ ዮኤል የሚባል ልጅ ወደደች፤ ተያይዘው ሄደው ተፈራርመው ተጋቡ። ሽማግሌ አልተላከብኝም። እኔ ለስንቱ ሰው ልጅ ጋቢ ደርቤ ሽምግልና የሄድኩ ሰው፣ በየሰው ሳሎን ቆሜ «ልጃችሁን ለልጃችን» ያልኩ ሰው፣ የራሴ ሳሎን ውስጥ አንድ ሽማግሌ እንኳ ሳይቆምልኝ ቀረ። «ሽማግሌ ካልላከ ሰው ቤት አልገባም» አልኩ። አንዴ ከአፌ ወጣ። ዓመት ሙሉ ልጄን ሳላናግር፣ በስልክ እንኳ ድምፅዋን ሳልሰማ ኖርኩ። አልማዜ እየተደበቀች ሳንሱሲ ትሄዳለች፤ ስትመለስ «ገበያ ነበርኩ» ትለኛለች፤ ዘንቢሉ ባዶ ነው፤ እኔም አልጠይቅም።

ታኅሣሥ ሲብት ውዳሴ ወንድ ልጅ ወለደች። አልማዜ ልታርሳት ጓዟን ጠቅልላ ሄደች። በሩ ላይ ቆማ «ትመጣለህ?» አለችኝ። «ማን ጠርቶኝ?» አልኳት። ጓዟን አንጠልጥላ ወጣች።

ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችልህ፣ ሕፃኑ ማንን ይመስላል?» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ? አንዱን «እኔን» አልኩት፤ ሌላውን «እናቱን» አልኩት። ሁለቱ ተገናኝተው እንዳያወሩ ብዬ ከቤት መውጣት ተውኩ። ሜዳ መሄድም ቀረ። ቅዳሜ ቀረሁ፣ ማክሰኞ ቀረሁ፣ ሐሙስም ቀረሁ።

የጤና ቡድናችን ደንብ አለው። ሳያስታውቅ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የቀረ ሰው ቡድኑ በሙሉ በማለዳ ቤቱ ድረስ ይመጣበታል፤ የዕለቱን ልምምድ በሩ ላይ ይሠራል፤ ቁርሱንም በልቶበት ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ በፊሽካና በጭብጨባ ነው የሚመጡት። ባለፈው ግን ሽኩር ፊሽካውን ከሩቅ ሰምቶ በጓሮ በር ስላመለጠ፣ ደግፌ ከእንግዲህ በዝምታ ነው የምንሄደው ብሎ ወስኗል። ይህን ውሳኔ እኔ አልሰማሁም። የተወሰነው በቀረሁበት ሐሙስ ነው።

አርብ አመሻሽ ላይ አልማዜ ደወለች። «ውዳሴን ትንሽ አተኩሷታል፤ ለማንኛውም እንድታውቀው ብዬ ነው» አለችኝ። «እሺ» አልኩና ዘጋሁ። እሺ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷም አልገባት፣ እኔም አልገባኝ። ሲነጋጋ ዓይኔ ፈጦ ነበር።

ከአሥራ ሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ከአጥሩ ውጭ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ኮቴው ደጄ ላይ ቆመ። ድምፅ የለም። ተነሥቼ በቆርቆሮው በር ስንጥቅ አጮለቅሁ።

አሥር የሚሆኑ ወንዶች ቆመዋል። አንዱ ጋቢ ተከናንቧል። ሦስቱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አቀርቅረዋል። ሽኩር ፊቱን በፎጣ ይጠርጋል። ደግፌ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም በሉ ይላቸዋል። በዚህ ማለዳ፣ ይህን ያህል ሰው፣ በዚህ ዓይነት ዝምታ ሰው በር ላይ ለምን እንደሚቆም እኔ አውቃለሁ። ስንት ጊዜ እኔ ራሴ መርዶ ነጋሪ ሆኜ እንደዚያ ቆሜያለሁ። ዳገቱን በሩጫ ስለወጡ ትንፋሽ እያጠራቸው እንደሆነ፣ ጋቢውም ለብርዱ እንደሆነ ከየት ይምጣልኝ?

በሩ ሥር ያለው ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ።

«ሰብስቤ፣ ክፈት» አለ ደግፌ ቀስ ብሎ።

«አልከፍትም።»

«ክፈት እንጂ፤ ብቻህን እንድትቀመጥ አንተውህም።»

«አልከፍትም ብያለሁ። ሂዱ።»

ካልከፈትኩ ያልሆነ መሰለኝ። ከማዶ የጎረቤታችን የእትዬ እሙ በር ሲጢጥ ሲል ተሰማኝ። ወጥታ ሰዎቹን አይታለች። «ማን ነው? ምን ሆነ?» አለች። በስንጥቁ ሳይ ሽኩር ትንፋሹ ስላልተመለሰለት መናገር አቅቶት ራሱን ብቻ ነቀነቀ። እትዬ እሙ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወዲያው እሪታዋን አቀለጠችው።

ከዚያ በኋላ ምን ይጠረጠራል? በሩን ከፍቼ ደግፌ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። «ልጄን ሳላያት» አልኩ። ዓመት ሙሉ ያኮረፍኩት በማን ላይ እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ በዚያች ደቂቃ ሊገባኝ አልቻለም። ሽማግሌ አለመላኩ፣ ክብሬ፣ ባዶው ሳሎን፣ ሁሉም የማይረባ ነገር ሆነብኝ። ደግፌም አቅፎኝ ያለቅሳል። ሽኩር በፎጣው ያለቅሳል። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀላቀሉ።

ከኋላ የቆመው ባጫ፣ የቡድኑ ግብ ጠባቂ፣ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ አጠገቡ ያለውን ጠየቀ። ያም ሌላውን ጠየቀ። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ደግፌ ጋ ሲደርስ ደግፌ ከአንገቴ ቀና ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

«እናንተ አይደላችሁ እንዴ የነገራችሁኝ?» አልኩ።

«እኛማ ቁርስ ልንበላ ነው የመጣነው» አለ ደግፌ።

አንድ እግሬ ላይ ነጠላ ጫማ ቀርቶ ነበር። አውልቄ ትከሻው ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፍኩበት። ከዚያ አልማዜ ጋ ደወልኩ።

«በዚህ ማለዳ ምን ሆነህ ነው?» አለች።

«ውዳሴ...»

«ትኩሳቱ ለቋታል። ገንፎ እየበላች ነው።»

ገንፎ የሚለው ቃል ይህን ያህል ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም። እዚያው ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ እሙ የዕድሩን ጥሩንባ ነፊ ልትጠራ ግማሽ መንገድ ደርሳ ስለነበር ባጫ ሮጦ መለሳት።

«ቁርስ የለም። ልጄ ጋ ልሄድ ነው» አልኩ።

«የቷ ልጅ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። የልጄን ነገር አንድም ቀን አንስቼላቸው ባላውቅም ሁሉም ያውቁት ኖሯል።

«ሂድ እንጂ» አለ ደግፌ።

«ምን ብዬ እገባለሁ? ዓመት ሙሉ ዘግቼባት፣ ዛሬ በባዶ እጄ በሯን ላንኳኳ?»

ደግፌ ትከሻውን እያሻሸ አሰበ። «ሽማግሌ ላክባታ» አለ።

እየቀለደ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደም። ጋቢውን ከሰውየው ላይ ገፎ ራሱ ደረበው። «የዛሬው ልምምድ ሳንሱሲ ድረስ ነው» ብሎ ፊሽካውን ነፋ።

ታክሲ ነበረ። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥኩ በየፌርማታው ሐሳቤን እንደምቀይር ራሴን ስለማውቅ እሮጣለሁ አልኩ። ጫማዬን አጠለቅሁና ወጣን። ሜዳ ሜዳውን እንሮጣለን፣ ዳገቱን እንራመዳለን፣ ቁልቁለቱን እንደገና እንሮጣለን። ያን መንገድ በአውቶብስ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተመላለስኩበት አላውቅም፤ ዳገት እንዳለው ግን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከስድስት ወር በፊት ቢሆን አምቡላንስ ያስፈልገኝ ነበር። ወገቤን ሲይዘኝ ደግፌ ከጎኔ ይሆናል፤ ስዘገይ ሽኩር ከኋላዬ ይሆናል። አንዴ «ልመለስ» አልኩ። ሽኩር «ወደኋላ ከተመለስክ እኔ ነኝ የምቀድምህ» አለኝ። ቀጠልኩ።

የውዳሴ ግቢ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረው ሁሉንም አስቆምኳቸው።

«በዝምታ በር ላይ የሚቆም ሰው እንዳላይ። ሳቁ። ጮክ ብላችሁ ሳቁ።»

አሥር ላብ በላብ የሆኑ ሰዎች በትእዛዝ እየሳቁ ሰው በር ላይ ደረሱ። በሩን የከፈተው ትከሻው ላይ የሕፃን ጨርቅ ጣል ያደረገ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ወጣት ነው። አማቼን ዮኤልን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። እጅ ነሣ። ከዚያ ቱታችንን አየ። ከዚያ እኔን አይቶ ማን እንደሆንኩ ገባው፤ ደነገጠ።

ሳሎኑ ትንሽ ነው። አልማዜ ከጓዳ ብቅ ብላ ስታየን እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዮኤል «ኧረ ቁጭ በሉ» ይላል። ደግፌ ግን «ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም» አለ። ቆመን ቀረን። የባጫ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ሽኩር ግድግዳ ተደግፏል።

ውዳሴ ሕፃኑን ታቅፋ ከመኝታ ቤት ወጣች። ከስታለች። ዓይኔን ከእሷ ላይ መንቀል አልቻልኩም።

ደግፌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከቀራንዮ ተልከን ነው የመጣን። አንድ አባት አለን። ጠባዩ ትንሽ አስቸጋሪ ነው፤ አንደብቅም። ጤናው ግን ተሻሽሏል፣ ዳገት ይወጣል፣ በሰዓት ይገኛል፤ ያለፈውን ሳምንት ሳይጨምር። ይህን ሰው በአባትነት፣ በአያትነትም እንድትቀበሉት ልንጠይቅ ነው የቆምን።»

ውዳሴ እኔን አየችኝ። «በምን መጣህ?» አለች።

«በእግሬ።»

«ከቀራንዮ? አንተ?»

«እኔ።»

ሕፃኑን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችው። ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ወደ ደግፌ ዞራ፣ ሽማግሌ የተላከበት ቤት ሁሉ እንደሚለው፣ «ሰምተናል። እንመክርበትና ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱን እንነግራችኋለን» አለች።

ደግፌ አቀርቅሮ ቀረ። እኔ ግን ልናደድ አልቻልኩም። ወጉ ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን እሺ ተብሎ አያውቅም፤ ዓመት ሙሉ ላስጠበቀ ሰው ደግሞ ሁለት ሳምንት አይበዛበትም።

«ልክ ነሽ» አልኳትና ወደ በሩ ዞርኩ።

«አባዬ፣ ወዴት ነው?» አለች፤ ሕፃኑን ወደ እኔ ዘረጋችው። «እስከዚያ ልጁን ያዝልኝ እንጂ። እጄ ዝሏል።»