በራስዎ ስም ይግቡ

በአውቶቡስ ድርጅቱ ውስጥ «ሸረሪት» የሚለውን ስም ያወጡላት የጋራዡ መካኒኮች ናቸው። እሷ ከመምጣቷ በፊት የድርጅቱን ሰርቨሮች የሚጠብቀው ሰው ጠዋቱን ሙሉ ሲማስን ያረፍድ ነበር። በየከተማው ያለው ዴፖ የራሱ ሰርቨር አለው፤ ሰውየው ወደ እያንዳንዱ ከሩቅ ይገባል፣ ስም ይጽፋል፣ የዴፖው ኃላፊ በስልክ የሚነግረውን የይለፍ ቃል ይጽፋል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጽፋል፣ ደህና ማደሩን አይቶ ይወጣል። ከዚያ ወደሚቀጥለው። እሷም ተተክታ ጥቂት ጊዜ እንዲያ ስትለፋ ከረመችና «ይሄማ ሥራ ሳይሆን ቅጣት ነው!» ብላ ስክሪፕት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች። በየሰርቨሩ ላይ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ የሚያስገባ የእሷን ዲጂታል ቁልፍ አስመዘገበች። ከዚያ ወዲያ አንድ ትእዛዝ ከሰጠች፣ ስክሪፕቱ በቁልፏ በየዴፖው ራሱ እየገባ የታዘዘውን ሠርቶ ይወጣል። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ አገሩን ሁሉ ትነካለች፤ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው።

በዚህ ከሁሉ በላይ የኮሩት ሥራ አስኪያጁ ነበሩ። የአክስቷ ባል ናቸው፤ ያሳደጓትም ሥራ ያስገቧትም እሳቸው ናቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ክፍሏ ድረስ ይዘው እየመጡ «ይቺ የኔ ልጅ ናት» ይላሉ። እሷም ከልጅነቷ ጀምራ «ጋሼ» የምትላቸውን ሰው እንዲህ ሲሉ ስትሰማ ደስ ይላት ነበር።

ነገሩ የመጣው አንድ አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ከግንብ ጋር የተላተመ ጊዜ ነው። ነፍስ አልጠፋም፤ ግን ብዙ ተሳፋሪ ተጎዳ፣ የሹፌሩም እግር ተሰበረ። ድርጅቱ ውሎ ሳያድር «ሹፌሩ ከመጠን በላይ ሲበር ነው» ብሎ ለመርማሪዎች አሳወቀ። ጋራዡ ይሳቅ ወይስ ይናደድ ጨነቀው። ሹፌሩ እኮ «ቀስ በቀስ» የሚባለው ነው! ተሳፋሪው «ወርደን እንግፋልህ እንዴ?» እያለ የሚያሾፍበት ሰውዬ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠሯት። በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«የኔ ልጅ፣ የዚያን አውቶቡስ መዝገብ ከየዴፖው አጥፊልኝ። የተሳሳተ መረጃ ገብቶበታል።»

«ምኑ ነው የተሳሳተው፣ ጋሼ?»

«እሱ አያሳስብሽ። ላንቺ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው።»

«መጀመሪያ ልየው» ብላ ወጣች። ክፍሏ ገብታ መዝገቡን ከፍታ አነበበችው። ሹፌሩ «ቀስ በቀስ» በደረሰበት ዴፖ ሁሉ «ፍሬኑ እየላላ ነው፣ ይታይልኝ» ብሎ አስመዝግቧል። ከሥሩ ያለው መልስ በየቦታው አንድ ነው፦ «ተለዋጭ መኪና የለም፤ ይቀጥል።» የፈቀደው ሰው ስም የጋሼ ነው።

ድሮ ቢሆን ኖሮ ይህን ለማጥፋት የየዴፖውን ኃላፊ አንድ በአንድ መለመን ወይም ማስፈራራት ያስፈልግ ነበር፤ አንዱ እሺ ቢል ሌላው ያንገራግራል። አሁን ግን ሁሉን የሚከፍተው ቁልፍ ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው። እንዲህ አድርጋ ያመቻቸችው ደግሞ ራሷ ናት። ይሄ ነው ያንገበገባት። ተነሥታ ተመለሰችና ሳታንኳኳ ገባች።

«አላጠፋም፣ ጋሼ።»

«ምን አልሽ?»

«አንብቤዋለሁ። ሰውየው እግሩን ተሰብሮ ተኝቷል፤ እኔ ደግሞ እስር ቤት አልጨምርበትም።»

የጋሼ ፊት በርበሬ መሰለ። «እዚህ ወንበር ላይ ማን ያስቀመጠሽ መሰለሽ?»

«እርስዎ ነዎት። መቼ ካድኩ? ግን ያስቀመጡኝ ለሥራ መስሎኝ ነበር።»

«እንግዲያው ስክሪፕትሽን አስረክቢና ሌላ ሰው ይሥራው!»

«ስክሪፕቱ የድርጅቱ ነው፣ ይውሰዱት። ቁልፉ ግን የኔ ነው፤ በሱ የተነካ ነገር ሁሉ በኔ ስም ይጻፋል። ማጥፋት ከፈለጉ በራስዎ ስም ይግቡ።»

አንገቷን ሳትደፋ ወጣች። ወዲያው ለስክሪፕቱ አዲስ ትእዛዝ ሰጠችው፤ በየሰርቨሩ እየገባ የእሷን ቁልፍ እንዲነቅል። ቁልፉ ተነቅሎ ሲያልቅ እንደገና ለመግባት ሞከረች። «መግባት ተከልክሏል፣ መግባት ተከልክሏል» እያለ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ሞላው። ለየዴፖው ኃላፊዎችም «ከዛሬ ጀምሮ በኔ ቁልፍ የሚገባ የለም። የይለፍ ቃል የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ትእዛዙን በጽሑፍ ተቀበሉ» ብላ ላከችባቸው።

ማታ አክስቷ ደወለች። «አንቺ! ባሌን ልታሳስሪው ነው? ያሳደግንሽ ለዚህ ነው?»

«እትዬ፣ ስዋሽ በኩርኩም ስትይኝ አልነበር? ለምን ነበር ታዲያ?»

ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተዘጋ። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቢሆንም ጠዋት ተነሥታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ በቀጥታ ወደ መርማሪዎቹ ቢሮ ሄደችና መዝገቡ የት የት እንዳለ ነገረቻቸው።

ሥራ አስኪያጁ በበኩላቸው መዝገቡን ለማስጠፋት ስልክ ላይ ተጥደው ዋሉ። አንዱ ኃላፊ «ምን ችግር አለው ጌታዬ፣ ብቻ በደብዳቤ ይምጣልኝ» አላቸው። ሌላው ስብሰባ ላይ ነኝ አለ። ሦስተኛው «ሃሎ? ሃሎ? ድምፅዎ ይቆራረጣል!» እያለ ዘጋባቸው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደግሞ በደብዳቤ አይጻፍም። መርማሪዎቹ በየዴፖው ሲደርሱ መዝገቡን እንዳለ አገኙት።

ሹፌሩ «ቀስ በቀስ» ከክሱ ነፃ ወጣ። ጋሼ ከሥራ ታግደው ፍርድ ቤት ቀረቡ። እሷን ግን ማንም አላመሰገናትም፤ እንዲያውም ምክትላቸው «የበላይ አካል ደፍራለች» ብለው መለዋወጫ መጋዘን ወረወሯት። ጎማ ስትደረድር፣ አቧራ ስትቅም ከረመች። «ለቀሽ አትሄጂም?» ሲሏት «ከፈለጉ ያባሩኝ፤ እኔ በእግሬ አልወጣም» ትላለች።

ኋላ የተሾሙት አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የጠዋቱ ልፋት ሲመለስ ጊዜ አስጠሯት።

«ያንን ስክሪፕትሽን መልሰሽ አስነሺልን።»

«አስነሣለሁ። ግን መዝገብ የሚያጠፋ ትእዛዝ ከሆነ፣ የሁለት ሰው ቁልፍ ካላገኘ አይሠራም።»

«አታምኚኝም ማለት ነው?»

«ራሴንም አላምንም። ለዚህ እኮ ነው ሁለት ያልኩት።»

ሰውየው አጉረመረሙ፤ የሁለት ቁልፉን ደንብ ግን ፈረሙ።

አክስቷ እስከ ዛሬ አላናገረቻትም። ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ ሲገናኙ ፊቷን ታዞራለች። እሷ ግን ሰልፈኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እንደምን አደርሽ፣ እትዬ!» ትላታለች። በሚቀጥለውም ሲገናኙ እንዲያው ነው፤ ሰላምታዋን የሚያስተዋት ሰው ገና አልተፈጠረም።